የአሰልጣኝ ውል ማፍረሻ ሲገመገም፦ ለካዝናው ይበጃል፣ ለውድድር ዓመቱ አይደርስም

አሰልጣኝ ወደ ተቀናቃኝ ክለብ ሲሻገር ደጋፊው ቀድሞ የሚያነሳው የታማኝነትን ጥያቄ ነው። «ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል» እየተባለ ሰውየው ሲረገም ይከርማል። ክለቡ ግን ለዚህ ጥያቄ መልሱን አሰልጣኙን በቀጠረበት ዕለት ፈርሞበታል። በውሉ ውስጥ «ይህን ያህል ዩሮ የከፈለ ይወስደዋል» የሚል አንቀጽ ካለ፣ መሄዱ አስቀድሞ ተፈቅዷል፤ ዋጋውም ተተምኗል። ይህ የውል ማፍረሻ አንቀጽ በአውሮፓ ጠበቃና ወኪል ተቀምጠው የሚያዘጋጁት፣ የሚገዛና የሚሸጥ አገልግሎት ስለሆነ እኛም እንደ አገልግሎት እንገመግመዋለን። ከታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አሰልጣኝ ወደ ተቀናቃኝ በመሄዱ ብቻ ከዳ አይባልም። ጥፋት የሚሠራው ዜናው በሚነገርበት ቀን፣ እስኪሄድ ድረስ በሚመራቸው ጨዋታዎችና ይዟቸው በሚወጣው ሰዎች ላይ ነው። አብዛኛው የውል ማፍረሻ አንቀጽ ደግሞ ስለነዚህ ሦስቱ አንድ ቃል አይተነፍስም። ስለ ገንዘብ ብቻ ይናገራል።

አንቀጹ እንዲህ በባዶው ሲሠራ ምን እንደሚያደርስ የ2021 የጀርመን ሊግ ቡንደስሊጋ በደንብ አሳይቷል። የቦሩሲያ ሞንሽንግላድባህ አሰልጣኝ ማርኮ ሮዘ ውሉ እስከ 2022 የሚዘልቅ ነበር፤ ሆኖም 5 ሚሊዮን ዩሮ የከፈለ ክለብ ቀድሞ ሊወስደው ይችላል። ከፋዩ ቦሩሲያ ዶርትሙንድ ሆነ። ስሙም ቦሩሲያ፣ ክልሉም ያው ኖርድራይን ቬስትፋለን፣ የሚሻሙበትም ያው የአውሮፓ መድረክ ቦታ ነው። ዝውውሩ ፌብሩዋሪ 15 ይፋ ሲደረግ ግላድባህ ገና 13 የሊግ ጨዋታ ይቀረው ነበር። በሻምፒዮንስ ሊግ ጥሎ ማለፍ ማንቸስተር ሲቲ ይጠብቀዋል። ከሁሉም የከፋው ደግሞ በጀርመን ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ የደረሰው ተጋጣሚ ራሱ ዶርትሙንድ መሆኑ ነው። አሰልጣኙ የነገ ቀጣሪውን ከውድድር ለማስወጣት ዛሬ ቡድን መርጦ ሊያሰልፍ ነው ማለት ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ ግላድባህ ሰባት ጨዋታ በተከታታይ ተሸነፈ። በሜዳው በኮሎኝ 2 ለ 1፣ በሲቲ 2 ለ 0፣ 2 ለ 0 ሲመራ ቆይቶ በላይፕዚግ 3 ለ 2፣ በዋንጫው በዶርትሙንድ 1 ለ 0፣ በሌቨርኩዘን 1 ለ 0፣ በአውግስቡርግ 3 ለ 1፣ እንደገና በሲቲ 2 ለ 0። ሲቲና ላይፕዚግ ያለዚህ ዜናም ሊያሸንፉት ይችሉ እንደነበር መካድ አይገባም። በኮሎኝና በአውግስቡርግ መሸነፉ ግን በተጋጣሚ ጥንካሬ የሚመካኝ አይደለም። አንድ ነገር ደግሞ ልብ ይሏል፦ ያን ጊዜ ስታዲየሞች በኮሮና ምክንያት ባዶ ነበሩ። ከሲቲ ጋር የተደረጉት ሁለቱም ጨዋታዎች እንዲያውም በቡዳፔስት ነው የተካሄዱት። ስለዚህ «ደጋፊው እየጮኸ አሸበራቸው» የሚባል ነገር የለም። መላላቱ የመጣው ከመልበሻ ክፍሉ ነው። ከውድድር ዓመቱ መጨረሻ በኋላ በዚህ ሰው ስር እንደማይሰለፍ ያወቀ ተጫዋች በ80ኛው ደቂቃ ያንን ተጨማሪ ሩጫ ለማን ብሎ ይሮጠዋል? ግላድባህ በ49 ነጥብ ስምንተኛ ሆኖ ጨረሰ። ሰባተኛው ኡኒየን በርሊን 50 ነጥብ ይዞ ወደ አውሮፓ ሄደ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም፤ የተነጠቀው ክለብ በተራው ነጣቂ ሆነ። ግላድባህ የአይንትራክት ፍራንክፈርቱን አሰልጣኝ አዲ ሁተርን በ7.5 ሚሊዮን ዩሮ ማፍረሻ ገዛ፤ ከዶርትሙንድ ከተቀበለው ላይ ሁለት ሚሊዮን ተኩል ጨመረበት ማለት ነው። ሁተር ከሳምንታት በፊት እንደሚቆይ በአደባባይ ተናግሮ ነበር። ፍራንክፈርት ኤፕሪል 3 ዶርትሙንድን በዶርትሙንድ ሜዳ 2 ለ 1 አሸንፎ በ7 ነጥብ ርቆት ነበር። ኤፕሪል 10 ቮልፍስቡርግን 4 ለ 3 ረትቶ በ53 ነጥብ አራተኛ ደረጃ ላይ ተቀመጠ፤ ሻምፒዮንስ ሊግ በእጁ የገባ ይመስል ነበር። ኤፕሪል 13 የሁተር ስንብት ይፋ ሆነ። ከአራት ቀን በኋላ ፍራንክፈርት ወደ ግላድባህ ተጉዞ በአሰልጣኙ ቀጣይ ክለብ 4 ለ 0 ተሸነፈ። ከቀሩት ስድስት ጨዋታዎች ያገኘው 7 ነጥብ ብቻ ነው። በ60 ነጥብ አምስተኛ ሲሆን፣ አራተኛው ቮልፍስቡርግ 61 ነበረው። ዶርትሙንድ ደግሞ በጊዜያዊው አሰልጣኝ በኤዲን ቴርዚች እየተመራ ሦስተኛ ወጣ፤ ዋንጫውንም ወሰደ።

ሁለት ክለቦች፣ ሁለት ማፍረሻ፣ ሁለቱም በአንድ ነጥብ ተቀጡ። ማንም ተጫዋች ሆን ብሎ ጨዋታ ለቀቀ አንልም፤ ሁተርም ሆነ ሮዘ ሆን ብለው ተሸነፉ የሚል ማስረጃ የለም፣ እኛም አናምንበትም። ነገር ግን ውሉ ሲጻፍ እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ሊያስነሳ የሚችል ሁኔታ እንዳይፈጠር መዝጋት ይቻል ነበር። አልተዘጋም። እዚህ ላይ ከአሰልጣኞቹ ይልቅ ውሉን ያረቀቁትን ሰዎች እንወቅሳለን። ባዶ የገንዘብ አንቀጽ ከአምስት ሁለት ነጥብ እንሰጠዋለን፤ ያቺም ገንዘቡ ስለገባ ነው።

ለገዢውስ ምን አተረፈ? ሮዘ ሁለቱን ረዳቶቹን ሬኔ ማሪችንና አሌክሳንደር ሲክለርን አስከትሎ ዶርትሙንድ ገባ፤ በሜይ 2022፣ ውሉ ሁለት ዓመት እየቀረው ተሰናበተ። በዚያው ወር ሁተርም ከግላድባህ ለቀቀ። የተተወው ፍራንክፈርት ግን አራተኛ ደረጃን ከነጠቀው ከቮልፍስቡርግ ኦሊቨር ግላስነርን አምጥቶ በ2022 የዩሮፓ ሊግን ዋንጫ አነሳ። ክለብ አሰልጣኙን በአንድ ዓመት ሲያባርር «ከሃዲ» የሚለው የለም፤ አሰልጣኝ በውሉ ላይ በተጻፈ መብት ሲሄድ ግን ስሙ ይጎድፋል። ይህ ሚዛን ትክክል አይደለም።

ከባዶው የተሻለው ስሪት ገንዘብና የማስጠንቀቂያ ጊዜን አብሮ የያዘው ነው። ሩበን አሞሪም ከፖርቱጋሉ ስፖርቲንግ ወደ ማንቸስተር ዩናይትድ በ2024 ሲሄድ ማፍረሻው 10 ሚሊዮን ዩሮ ሲሆን የ30 ቀን ማስጠንቀቂያም ነበረበት። ዩናይትድ 30ውን ቀን ለማሳጠር 1 ሚሊዮን ጨምሮ በአጠቃላይ 11 ሚሊዮን ከፈለ። ኖቬምበር 1 ይፋ ሆነ፤ አሞሪም እስከ ኖቬምበር 10 ሦስት ጨዋታ መራ፤ በማግስቱ ወደ እንግሊዝ ሄደ። ሦስቱንም አሸነፈ፦ እስትሬላ አማዶራን 5 ለ 1፣ ማንቸስተር ሲቲን 4 ለ 1፣ ብራጋን ከ2 ለ 0 መመራት ተነስቶ 4 ለ 2።

ግላድባህ የተሸነፈበት ስፖርቲንግ ያሸነፈበት ምክንያት ምንድን ነው? አንደኛ፣ ከዜናው እስከ መውጫው ዘጠኝ ቀን እንጂ ሦስት ወር አልነበረም። የተሰነባበተ ሰው ዘጠኝ ቀን በደስታ ሊሠራ ይችላል፤ ሦስት ወር ግን መልበሻ ክፍሉን ያደክማል። ሁለተኛ፣ ዩናይትድና ስፖርቲንግ በዚያ ዓመት በምንም ውድድር አይገናኙም ነበር። ሦስተኛ፣ ቡድኑ ራሱ ሊጉን ያለ ሽንፈት እየመራ ነበር፤ ይህን ለማፍረሻው ምስጋና መስጠት አይገባም።

ጉድለቱ የታየው ከሄደ በኋላ ነው። አሞሪም አምስት ረዳቶቹን ይዞ ወጣ። ከሁለተኛው ቡድን ያደገው ዦአዎ ፔሬራ በኖቬምበር መጨረሻና በዲሴምበር መጀመሪያ አራት ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፎ በዲሴምበር መጨረሻ ቦታውን ለሩይ ቦርዥ ለቀቀ። ስፖርቲንግ ዋንጫውን መጨረሻ ላይ ቢወስድም ያ ወር ብዙ አስከፍሎታል። ከዚህ ጋር የፖርቶን 2011 ማነጻጸር ይጠቅማል። አንድሬ ቪላስ ቦአስ በ15 ሚሊዮን ዩሮ ማፍረሻ ወደ ቼልሲ ሲሄድ ምክትሉ ቪቶር ፔሬራ እዚያው ፖርቶ ቀረና ዋና አሰልጣኝ ሆነ። የ2012ና የ2013 ሊግን አከታትሎ አሸነፈ። የልምምዱን አሠራር፣ የእያንዳንዱን ተጫዋች ጉልበትና የቋሚ ኳስ ልምምዱን የሚያውቅ ሰው በቤቱ ስላለ ነው። የማፍረሻ ገንዘብ ስትቀበል ያንን ሰው አብረህ ከሸጥከው ዋጋው አልበቃህም ማለት ነው።

ይኸው አሞሪም በማርች 2020 ከብራጋ ወደ ስፖርቲንግ በ10 ሚሊዮን ዩሮ ሲሻገር ብራጋን የመራው 13 ጨዋታ ብቻ ነበር። ሁለቱ ክለቦች በሊጉ ለሦስተኛ ደረጃ የሚፎካከሩ ስለነበሩ እውነተኛ የተቀናቃኝ ዝውውር ይህ ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ሁለቱም እኩል 60 ነጥብ ይዘው ብራጋ ሦስተኛ ሆነ። ክፍያው ግን ዘግይቶ ክለቦቹ ተወዛገቡ። «10 ሚሊዮን ይከፈላል» ብሎ መጻፍ አይበቃም። በአንድ ጊዜ ነው ወይስ በየክፍሉ? ተጨማሪ እሴት ታክስ በውስጡ ነው ወይስ ከላዩ? ገንዘቡ ባንክ ሳይገባ አሰልጣኙ አዲሱ ክለብ ልምምድ ሜዳ ላይ መቆም ይችላል? ሦስቱም ካልተጻፉ ጠብ አይቀርም።

እንግሊዞች ለረጅም ጊዜ ያመኑት በሌላ ዘዴ ነው፦ የለቀቀው አሰልጣኝ ደመወዙ እየተከፈለው፣ ሌላ ቦታ ሳይሠራ የማስጠንቀቂያ ጊዜውን ቤቱ ተቀምጦ ይጨርሳል። በ2001 ስቲቭ ብሩስ ክሪስታል ፓላስን ጥሎ ወደ በርሚንግሃም ሲቲ ሊሄድ ሲል ፓላስ ይህን አንቀጽ ይዞ ፍርድ ቤት ሄደ፤ የእግድ ትእዛዝም አገኘ። ብሩስ በርሚንግሃም የደረሰው ክለቦቹ በካሳ ከተስማሙ በኋላ በዲሴምበር ነው። የሚገርመው በርሚንግሃም ያሰናበተው ትሬቨር ፍራንሲስ የፓላስን ወንበር መያዙ ነው። ለክብርና ለውድድር ዓመቱ ጥበቃ ይህ ዘዴ ከገንዘቡ የተሻለ ነው። ምስጢርህን የያዘው ሰው ተቀናቃኝህ ወንበር ላይ ወዲያው አይቀመጥም። ጉዳቱ ደመወዙን መክፈልህ፣ የጠበቃ ወጪህና ለማይሠራልህ ሰው መሟገትህ ነው። ከጥቂት ወራት በላይ የሚያቆይ አንቀጽ ደግሞ የሰው እንጀራ መዝጋት ስለሚሆን ፍርድ ቤት ሊያጸድቀው አይገባም፤ እኛም አንደግፈውም።

አንቀጹ ከሌለ ወይም ካላስማማስ? አሌክስ ማክሊሽ በጁን 2011 ከበርሚንግሃም ለቆ በቀናት ውስጥ የከተማው ባላንጣ አስቶን ቪላ ወሰደው። በርሚንግሃም ገና ከፕሪሚየር ሊግ መውረዱ ነበር። አቤቱታ፣ የካሳ ድርድር፣ የደጋፊ ሰልፍ ተከተለ፤ የተቃወሙት የበርሚንግሃም ሰዎች ብቻ አልነበሩም፣ የቪላ ደጋፊዎችም አልፈለጉትም። በ2012 ቪላ 16ኛ ሆኖ ጨርሶ አሰናበተው። የዋትፎርድና የኤቨርተን ነገር ደግሞ ሌላውን ገጽታ ያሳያል። በ2017 መኸር ኤቨርተን ማርኮ ሲልቫን ጠየቀ፤ ዋትፎርድ እምቢ አለ፤ ሰውየው ቀረ፤ ውጤቱም ወረደ። ዋትፎርድ በጃንዩዋሪ 2018 ሲያሰናብተው ምክንያቱ የዚያ ጥያቄ መምጣት እንደሆነ በመግለጫው ጻፈ። ኤቨርተን በሜይ ቀጠረው፤ ክርክሩም በ2019 መጀመሪያ በስምምነት ተዘጋ። ዋትፎርድ አሰልጣኙንም፣ ውጤቱንም፣ ያንን ዓመትም አጣ። ልቡ የሄደን አሰልጣኝ በግድ ማቆየት ከመሸጥ የባሰ ኪሳራ ነው።

ስለዚህ አንቀጹን አትተዉት፤ አሟልታችሁ ጻፉት። ክለብ የሚያስተዳድር ሰው አርቃቂውን የሚከተለውን ቢያስጽፈው ይበጀዋል። ማፍረሻው በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈት መስኮት ይኑረው፤ ለምሳሌ ከመጨረሻው የሊግ ጨዋታ ማግስት ጀምሮ ለ15 ቀን። በዓመቱ መሃል የሚከፈል ከሆነ ዋጋው እጥፍ ይሁን፤ ከዜናው እስከ መውጫው ያለው ጊዜም ከ10 ቀን አይብለጥ። በዚያው ሊግ ያለ ክለብ ከውጭ ካለው የበለጠ ይክፈል። አሰልጣኙ ከፈረመለት ክለብ ጋር የሚደረግ ጨዋታ ቢያጋጥም ቡድኑን ምክትሉ ይምራ፤ ይህን ቀድሞ መጻፍ ለአሰልጣኙም ውለታ ነው፣ ቢሸነፍ ስሙ አይጠፋም። ቢያንስ አንድ ረዳት አሰልጣኝና የበረኞች አሰልጣኙ ለአንድ የውድድር ዓመት ከሱ ጋር እንዳይወጡ ይታሰር፤ የነሱም ደመወዝ ለዚህ ሲባል ከፍ ይበል፣ በነጻ ማሰር ግፍ ነው። ለሁለት የዝውውር መስኮት ከቀድሞ ክለቡ ተጫዋች እንዳያስፈርም የሚል ሐረግም ይጨመር።

አንድ ትንሽ የሚመስል ነገር ብዙ ክለብ ይዘነጋዋል። ስንብቱ በተፈረመበት ሰዓት የቪዲዮ ትንተናው፣ የተጫዋቾች የሩጫ መረጃና የምልመላ ዝርዝሩ የይለፍ ቃል መቀየር አለበት። የሕክምና ፋይል ከማንም በፊት ይዘጋ። በጭንቅላቱ የያዘውን ማንም አይወስድበትም፣ የሙያው ሀብት ነው፤ በክለቡ ኮምፒውተር ያለው ግን የክለቡ ነው።

አሰልጣኙም የሚጠበቅበት አለ። እየተደራደረ ከሆነ «እቆያለሁ» አይበል። «ስለ ውሌ በውድድር ዓመቱ መሃል አልናገርም» የሚል ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ ውሸትም የለበትም። ተጫዋቾቹ ከጋዜጣ ሳይሆን ከራሱ አፍ ይስሙ፤ ከልምምድ በፊት ሳይሆን ከልምምድ በኋላ፣ ሁሉም ባለበት። ገዢው ክለብ ደግሞ ዜናውን የሚያወጣበትን ቀን ለራሱ በሚመች አይምረጥ። ዶርትሙንድና ግላድባህ ሊገናኙ ሁለት ሳምንት ሲቀረው መነገሩ ለማንም አልጠቀመም ማለት አይቻልም፤ ዶርትሙንድ ወደ ግማሽ ፍጻሜ አልፏል።

ውሉ ዝም ካለ የመጨረሻው መጠለያ ፊፋ ነው። የአሰልጣኞችን ውል የሚመለከተው ደንብ ከጃንዩዋሪ 1 ቀን 2021 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ ዘመኑና ደመወዙ እንዲገለጽ ያዛል። ያለ በቂ ምክንያት ያፈረሰ ወገን ካሳ ይከፍላል፤ ውሉ ራሱ የካሳውን ስሌት ካስቀመጠ ያ ይቀድማል። ካላስቀመጠ ክለቡ የደረሰበትን ጉዳትና ወጪ፣ የቀረውን የውል ደመወዝና የአዲሱን ውል ክፍያ እያገናዘበ ዳኛው ይተምናል፤ ይህ ነው ጊዜ የሚበላው። በተቃራኒው ክለቡ የሁለት ወር ደመወዝ ካስቀረ አሰልጣኙ በጽሑፍ ጠይቆ 15 ቀን ሰጥቶ፣ ካልተከፈለው በሕጋዊ ምክንያት መልቀቅ ይችላል፤ ያን ጊዜ ወደ ተቀናቃኝ ቢሄድ ማፍረሻ የሚጠየቅበት ምክንያት የለም። አንዱ ወገን አሰልጣኝ በሆነበት ክስ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። ክሱ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ይግባኙ ደግሞ ሎዛን ለሚገኘው የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት በ21 ቀን። ተፈርዶበት በ45 ቀን ያልከፈለ ክለብ ተጫዋች እንዳያስመዘግብ ይታገዳል።

ይህ አገልግሎት ለኢትዮጵያ ክለቦች የሚሠራው በከፊል ነው። ፊፋ የሚያየው ዓለም አቀፍ ገጽታ ያለውን ክርክር ብቻ ነው። የውጭ አሰልጣኝ የቀጠረ የአዲስ አበባ ክለብ ወይም ውጭ ተቀጥሮ የሚሠራ ኢትዮጵያዊ አሰልጣኝ ሊጠቀምበት ይችላል። ኢትዮጵያዊ አሰልጣኝና ኢትዮጵያዊ ክለብ ሲጣሉ ግን ጉዳዩ የሚታየው እዚሁ አገር ቤት ነው። ለነሱ የሚያዋጣው ውሉን ከመፈረማቸው በፊት መስኮቱን፣ የማስጠንቀቂያ ቀኑን፣ የረዳቶቹን ጉዳይና የክፍያ አፈጻጸሙን በአማርኛ ግልጽ አድርጎ ማስፈርና አንድ ቅጂ ለፌዴሬሽኑ ማስገባት ነው።